በግድግዳው ውስጥ የሚያወራው ሰውዬ

ልጅቷ እናቷ ከታች ስትጮህ መጀመሪያ የመሰላት ቧንቧ የፈነዳ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ሁሌ የሆነ ነገር ይፈነዳል፣ ካልፈነዳም ይረግፋል፣ ካልረገፈም ይንቋቋል። ደረጃውን አንድ አንዱን እየዘለለች ወረደች፣ ያልነቃ ዓይኗን እያሸች ኮሪደሩን አለፈች፣ ከዛ የኋለኛው ክፍል በር ላይ ስትደርስ ቆመች።

አክስቷ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባዋለች፣ ጉንጯ ፍም መስሏል። እውነት ለመናገር እንደዛ አምሮባት አያውቅም። ጥግ ላይ ያለው አሮጌ የእንጨት ምድጃ ገና ይሞቃል። እናቷ የመስኮቱን ፕላስቲክ ቦጫጭቃ ጥላ፣ እያሳለች፣ የአክስቷን እጅ ትነቀንቃለች።

«ተኝታ እኮ ነው» አለች ልጅቷ።

እጁ ግን አልታጠፍ ብሏል። እንጨት ሆኗል።

አባቷ የቦቲውን ክር ሳያስር እየሮጠ መጣ። በመጨረሻ የአክስቷ ባል ግድግዳውን ተደግፎ ደረሰ፣ አንዴ አየና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። እሳቱን የለኮስኩላት እኔ ነኝ፣ ብርድ አይንካት ብዬ ነው፣ በገዛ እጄ ነው የገደልኳት እያለ ሲንሰቀሰቅ፣ ሟቿን ትተው እሱን ማባበል ጀመሩ።

ወዲያው ግንበኛው ለሥራ መጣ። የዚህ አገር ሰው ነው፣ ቋንቋቸውን አያውቅም። ምድጃውን አየ፣ ፍራሹን አየ፣ መሣሪያው ከእጁ ወደቀ። ከዛ ወደ ልጅቷ እየጠቆመ መጮህ ጀመረ። ነግሬሻለሁ፣ ትናንት ነግሬሻለሁ፣ የጭስ ማውጫውን ከላይ ደፍኜዋለሁ፣ እሳት እንዳታነዱ ብዬሻለሁ።

«አፌ፣ ምን ይላል?» አላት አባቷ።

አባቷ «አፌ» ነው የሚላት። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ አፉ እሷ ናታ። ባንክ ቤት እሷ፣ ክሊኒክ እሷ፣ ሲሚንቶ ሲገዛ እሷ። ትምህርት ቤት ገብታ ቋንቋውን ውሃ አድርጋ ጠጥታዋለች፣ ሌሎቹ ገና «አመሰግናለሁ» ላይ ናቸው።

ልጅቷ አባቷን አየችው። ፍራሹን አየችው።

«ምንም» አለች። «እያለቀሰ ነው።»

ፖሊሶች መጡ፤ ቤተሰቡ ማንም አላስጠነቀቀንም ስላለ ጭስ ማውጫውን የደፈነውን ግንበኛ ይዘውት ሄዱ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከዛ ቀደም ባለው ቀን፣ ሥራ ሊያልቅ ሲል፣ አባቷና ግንበኛው እንደለመዱት ተፋጠው ነበር። አባቷ ይሄን ቤት ሊያሳምር ቆርጦ ተነስቷል። ጣሪያው ያፈሳል፣ የግድግዳው ወረቀት ሲላጥ ከስሩ ሌላ ወረቀት፣ ከዛም ስር ሌላ ይወጣል፤ ልክ የድሮዎቹ ሰዎች አንድ በአንድ አንገታቸውን እንደሚያወጡ ዓይነት። ግማሹ ቤት ይፈርሳል፣ በግማሹ ይኖሩበታል፣ መሃሉ ላይ ፕላስቲክ ተወጥሯል። አባቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግንበኛው ማጅራት ላይ ቆሞ ያያል። ሰውየው መረረውና ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ልጅቷን እያየ አወረደው። አባትሽ ነገም ከኋላዬ ከቆመ ጥዬላችሁ ነው የምሄደው፣ እንደሱ ዓይነት ንዝንዝ ሰው አይቼ አላውቅም፣ የጭስ ማውጫውን ለጥገና ደፍኜዋለሁ እሳት እንዳታነዱ፣ ደረጃውን ደግሞ ቫርኒሽ ቀብቼዋለሁ፣ አንዱን ቀብቼ አንዱን ትቼ ስለሆነ ከታች ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንድ እየዘለላችሁ ውጡ።

የአባቷ ግንባር ላይ ያለው ጅማት ተነፍቷል። እሱ ጅማት ከተነፋ ማታውን ሙሉ ቤቱ ይረበሻል። እሷ ደግሞ ጠብ አትወድም። ስለዚህ ሁሌ እንደምታደርገው አደረገች።

«ሥራው ጥሩ እየሄደ ነው፣ ደህና እደሩ ብሏል» አለች።

አባቷ ሲበርድለት ቀሪውን እነግራቸዋለሁ ብላ ነበር። ከዛ ጓደኛዋ ደወለች፣ ከዛ ሳቁ፣ ከዛ መንገሩን ረሳችው። ምድጃውን እንደሆነ ቤቱን ከገዙ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። በዛ ክፍል የሚተኛም አልነበረም።

አሁን ግን ይኸው። እውነቱን ከተናገረች አክስቷን የገደለች እሷ ናት። ዝም ካለች ሰውየው እስር ቤት ይበሰብሳል።

በዛ ላይ ድምፁ አለ።

ድምፁ ከመጡ ጊዜ ጀምሮ ነበር። ፎቅ ላይ፣ የጭስ ማውጫው በሚያልፍበት ግድግዳ ውስጥ፣ አንድ ወንድ ያጉረመርማል። በዚህ አገር ቋንቋ ነው፤ ያ ግልጽ ነው፣ ዜማው የነሱ አይደለም። ሌሎቹ አይገባቸውም፣ ልጅቷ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንባ ጆሮዋን ትደፍናለች እንጂ ማን ያዳምጣል። እናቷ ማማተብ አበዛች። አባቷ ይቀልዳል፣ ይሄ ሰውዬ አብሮን ከኖረ ለምን ቀለም አይቀባም ይላል። አክስቷ ብቻ ነበረች እንደ ሰው የቆጠረችው።

«የሆነ ነገር ቢፈልግ ነው እንጂ እንዲሁ ሰው አይለፈልፍም» ብላ ነበር በመጨረሻው ራቷ ላይ። «ነገ ይቺን ልጅ ከግድግዳው አጠገብ አስቀምጬ ቃል በቃል አስተረጉመዋለሁ። ምስኪን፣ ማን ያውቃል፣ ስንት ዘመን የሚሰማው አጥቶ።»

ሁሉም ስቀው ነበር። ባሏም ስቆ ነበር።

አሁን አክስቷ ከሞተች በኋላ፣ ቤቱ በለቅሶ ደክሞ ጭጭ ባለበት ከሰዓት፣ ድምፁ መጣ። ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። ጆሮዋን ልትደፍን እጇን አነሳችና ተወችው። አክስቷ አዳምጪ ብላ ነበራ። ጉንጯን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ድምፁ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ለስላሳ ነው።

*ተኚ፣ ይሞቅሻል። ተኚ፣ ይሞቅሻል።*

ከግድግዳው ተፈናጥራ በሩ ጋ ደረሰች።

መርማሪዋ በነጋታው መጣች። ትውልዷ ከነሱ ነው፣ እድገቷ እዚህ፤ ለዛ ነው የላኳት። ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ሸበት ያለች ሴት ናት። በር ላይ ጫማዋን አወለቀችና በካልሲ ገባች። ነፍስ ይማር ብላ ትንሽ ተቀመጠች፣ ሻይ ጠጣች፣ ከዛ ተነስታ ደረጃው ስር ቆመች። በጣም ብዙ ቆመች። ከዛ እንደ ሕፃን በእጇም በእግሯም እየዳኸች፣ በባትሪ እያበራች ወጣች። አባቷ ለእናቷ በጆሮዋ፣ ይቺን ነው እንዴ የላኩልን አላት።

ከዛ አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው። አባትየውን እህቱን ማን ታች እንዳስተኛት ጠየቀችው። ባሏ ነው አለ፣ የቫርኒሹ ሽታ ራሷን ያማታል ብሎ አዝኖላት። እናትየውን ባልና ሚስት አብረው ይተኙ እንደነበር ጠየቀቻት። እናትየው አፍራ ሻሿን አስተካከለች። አገር ቤት አብረው ነበር፣ እዚህ ከመጡ ግን አንኮራፋለሁ እረብሻታለሁ ብሎ ትንሿ ክፍል ለብቻው ገባ አለች። አገር ቤት ያንኮራፋ ነበር ወይ ስትላት እናትየው አሰበችና ኧረ እትዬ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማሁም አለች። መጀመሪያ ወደዚህ አገር መምጣቱንም እሱ አልፈለገም ነበር፤ እትዬ ናት ከወንድሜ አልለይም ብላ ያመጣችው።

የአክስቷን ባል ቤት ውስጥ «ጋሽ ጉልበቴ» ነው የሚሉት። በተቀመጠ በተነሳ «ወይ ጉልበቴ» ይላል። ደረጃ ሲወጣ አንዱን እግር ያስቀድማል፣ ሌላውን አጠገቡ አምጥቶ ያሳርፋል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና። እሱ እየወጣ ከኋላው መሆን ማለት እድሜ መቁጠር ነው።

«ያን ቀን ስለ ሥራው ማንም ምንም አልነገረዎትም?» አለችው መርማሪዋ።

«ማን ይነግረኛል የኔ እህት። በዚህ አገር ቋንቋ እንደምን አደራችሁ እንኳን ማለት አልችል። ልጅቷ ደህና እደሩ ብሏል አለችን፣ አበቃ።»

«ማንም፣ ምንም?»

«ማንም፣ ምንም። ቢነግሩኝ ክብሪቱን እጄ ይነካው ነበር?»

መርማሪዋ እውነትዎን ነው አለችና ጫማውን አይታ ተነሳች።

ልጅቷን ማድ ቤት አገኘቻት፣ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ። ሌላ ባልዲ ገለበጠችና አጠገቧ ቁጭ አለች። ስለ ትምህርት ቤት ጠየቀቻት። እኔም በልጅነቴ ለአባቴ አስተረጉም ነበር፣ አንዴ ሐኪሙ ሲጋራ ካላቆምክ ትሞታለህ ሲለው ሐኪሙ ሰላም ብሎሃል ብዬዋለሁ አለቻት። ልጅቷ ሳቅ አመለጣት።

«ቫርኒሹ ላይ የአባትሽ ቦቲ ዱካ አለ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «የእናትሽ ነጠላ ጫማ አለ። የአክስትሽ ካልሲ አለ፣ ብርድ ልብሷን ልታወርድ ስትመላለስ። ያንቺ የለም። አንቺ ዘለሽዋል። ማን ነገረሽ?»

ልጅቷ ፈነዳች። ሁሉንም አወጣችው፣ ጅማቱን፣ ስድቡን፣ ጓደኛዋን፣ «እያለቀሰ ነው» ያለችውን፣ ንፍጥና እንባ ተቀላቅሎ። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ለዛ ነው ሰውየውም ግድግዳው ውስጥ የሚያሾፍብኝ አለች።

«የቱ ሰውዬ?»

ነገረቻት። *ተኚ፣ ይሞቅሻል።*

መርማሪዋ ፊቷ ተለወጠ። ድምፁ መቼ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀቻት። ማታ፣ ደግሞም ጋሽ ጉልበቴ ከሰዓት ጋደም ሲል አለች ልጅቷ፣ እና የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። መርማሪዋ እጇን ጨበጠቻትና ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ዛሬ እናትሽ ጋ ተኚ አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹ እንደ ሬሳ በፕላስቲክ ተጠቅልለዋል፣ ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ይንኮሻኮሻሉ። አባት፣ እናት፣ ልጅቷ፣ የአክስቷ ባል ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ። ግንበኛውም መጥቷል፣ አጠገቡ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ከሳሎኑ ደረጃው ይታያል። ቫርኒሹ ደርቆ፣ በላዩ የረገጠውን ሁሉ እንደ ፎቶ አስቀርቶታል።

መርማሪዋ ቀለል አድርጋ ጀመረች። ግንበኛው ያን ቀን ሁለት ነገር ተናግሯል አለች፤ ጭስ ማውጫው ተደፍኗል፣ ደረጃው አንድ አንዱ እርጥብ ነው። ሁለቱንም የተናገረው በአንድ ትንፋሽ፣ ሁላችሁም ፊት ነው። ልጅቷ አንዱንም አልተረጎመችም።

አባትየው ዞሮ ልጁን አያት። የዛን እይታ ክብደት እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

«አፌ?»

«ነግሮኝ ነበር አባዬ» አለች። «ስድብ ስለነበረበት ዘለልኩት። ከዛ ረሳሁት።»

እናትየው አፏን ያዘች። የአክስቷ ባል ራሱን ነቀነቀና፣ በሚያሳዝን ድምፅ፣ ተዉአት ልጅ ናት፣ ምን ታርግ፣ እግዜር ይቅር ይበላት አለ። እሱ እንደዛ ሲል ልጅቷ የገባችበት ጉድጓድ ጭራሽ ጠለቀ።

«ይቆዩ፣ ይቅርታው አይቸኩል» አለች መርማሪዋ። «ደረጃውን እንየው። ሳይነገረው የሄደ ሰው እርጥቡን መርገጡ አይቀርም። ኮሪደሩ መብራት የለውም፣ ቫርኒሹ ደግሞ ከአሮጌው እንጨት አይለይም። አባት ረግጠዋል። እናት ረግጠዋል። ሟች ረግጣለች። እነዚህ ሦስቱ አልገባቸውም ነበር ማለት ነው። ልጅቷ አልረገጠችም፣ ምክንያቱም ገብቷታል።»

ወደ አክስቷ ባል ዞረች።

«እርስዎ ማታ ወጥተዋል፣ ጠዋት ወርደዋል። የርስዎ ኮቴ የታለ?»

ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

«እኔ እንጃ፣ ሳላየው… አጋጣሚ ነው።»

«እንዳልል ጉልበትዎ አለ። እርስዎ እያንዳንዱን ደረጃ በሁለት እግርዎ ነው የሚረግጡት፣ ሁሉም መስክሯል። አንድ የማይዘል ሰው ደረጃውን ሙሉ አንድም እርጥብ ሳይነካ፣ ወጥቶ ወረደ። እያመመዎት ዘለዋል። አንዱን ነክቼ አወቅኩ እንዳይሉኝ፣ አንድም የተነካ የለም፣ ሶልዎም ንጹህ ነው። ሰው ነገረኝ እንዳይሉኝ፣ ማንም ምንም ብለውኛል፣ ሁለት ጊዜ ጠይቄዎታለሁ። እንግዲህ ከግንበኛው አፍ ራስዎ ነው የሰሙት። ስለ ደረጃው የሰማ ጆሮ ስለ ጭስ ማውጫውም ሰምቷል። ሰምተው፣ ሚስትዎን ታች አውርደው፣ መስኮቱ በፕላስቲክ የታሸገ ክፍል ውስጥ እሳት አነደዱላት።»

አባትየው ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ፖሊሱ ትከሻውን ያዘው።

«ለምን?» አለች እናትየው፣ እንደ ሹክሹክታ። «እትዬ ምን አደረገችው?»

መርማሪዋ ግድግዳው ውስጥ ማንም የለም አለች። ያለው በእንቅልፉ የሚያወራ ሰው ነው። ክፍሉ ጭስ ማውጫውን ተጠግቶ ስለሆነ ድምፁ በዛ ገብቶ ቤቱን ሁሉ ይዞራል። አገር ቤት ያልነበረበት አመል ነው፣ እዚህ ሲመጡ እንደጀመረው ራሱም ያውቃል፣ ለዛ ነው ከሚስቱ አልጋ የሸሸው። እሷ ግን ሰውየውን ላስተረጉመው ብላ በራት ላይ ተናገረች። ለነገ። ነገ ከመምጣቱ በፊት እሷን ዝም ማሰኘት ነበረበት። ልጅቷ የሰማችውን ቃል ይዤ የቆዩ ሰዎች ጠየቅኩ አለች። ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ እዚሁ ከተማ፣ አንዲት ሴት በሞቀ ክፍል ውስጥ ተኝታ ቀረች። ባሏ የኛ አገር ሰው ነበር። ሳትቀበር ጠፋ። ትናንት ማታ ፎቶውን አየሁት።

የአክስቷ ባል ከዛ በኋላ አላለቀሰም። ጀርባው ቀና አለ፣ እንደውም ወጣት መሰለ። ወደ ፖሊሱ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፣ በዚህ አገር ቋንቋ፣ እንዳደገበት ሰው ሳይደናቀፍ። ልጅቷ ድምፁን አወቀችው። ጉንጯ ላይ የግድግዳው ቅዝቃዜ ተመልሶ መጣ።

አባቷ ቀስ ብሎ ወደሷ ዞረ። ግንባሩ ላይ ጅማቱ ተነፍቷል።

«ምን አለ?»

አባቷ ይህን ከሰማ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። አንድ ቃል ብትቀይር፣ ይቅርታ ጠየቀ ብትል፣ ማን ያውቃል። መርማሪዋ ታውቃለች፣ ግን እሷ እስክትናገር ትጠብቃለች።

«ሁለቱም አልተሰቃዩም አለ» አለች ልጅቷ። «የመጀመሪያዋ ስሜን ጠርታ ነበር፣ እህትህ ግን የጠራችው አንተን ነው። በሩን ከውጭ ይዤ ሰማኋት አለ።»

አባቷ የሆነ ድምፅ አወጣ፣ ከሰው የሚወጣ የማይመስል። ተጠግቶ ግን አልመታውም። እዛው ፕላስቲኩ ላይ ተቀመጠና እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ፣ እሷም ሄዳ ስሩ ተንበረከከች። ሰውየውን ይዘውት ሲወጡ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። በር ላይ ሲደርስ ከልማድ «ወይ ጉልበቴ» አለ።

ግንበኛው ብቻ ቆሞ ቀረ። ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል፣ የሆነው ሁሉ ግማሹ አልገባውም። ልጅቷ ተነስታ ፊቱ ቆመች። በቋንቋው ነገረችው። የነገርከኝን ደብቄያለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳሰርኩህ፣ ፈርቼ ነው አለችው። አጭር ነገር መለሰላትና ኮፍያውን አደረገ።

«እሱስ ምን አለ?» አለ አባቷ ከኋላዋ፣ በተሰበረ ድምፅ።

«ይቅር አልልሽም አለ። አባትሽም አሁንም ንዝንዝ ነው አለ።» ትንፋሿን ሳበች። «የቀሩትን ደረጃዎች ግን ሰኞ መጥቶ ይቀባል።»

አባቷ እንባውን በእጁ ጠረገ።

«ከኋላው አልቆምም በይው» አለ።

አለችው።